የትሎቹ አክፍሎት

ጡረታ ስወጣ ብርድ ልብስ ሰጡኝ። በፕላስቲክ የታሸገ፣ ነብር የተሳለበት፣ ሲነኩት ፀጉር የሚያቆም የፋብሪካ ብርድ ልብስ። ኃላፊው ሲያስረክበኝ "ለረጅም ዘመን አገልግሎትዎ" አለ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ለስላሳ ተጠጣ። ሥራዬ ሐር ማምረት እንደነበር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ቢያስታውስ ኖሮ ቢያንስ ይስቅ ነበር።

ሞላ እባላለሁ። ደባርቅ ላይ "ሞላ" ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀኝ የለም፤ "ሞላ ትሉ" ካላችሁ ግን ሕፃን ልጅ ደጄ ድረስ ያመጣችኋል። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ መጻፍ ያደክመኛል። የሐር ቤቱ ግን ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል፤ እዚያ ውስጥ የሆነውን የሚያውቅ ሰውም እያለቀ ነው። እጄ እስኪዝል ልጻፍ።

የተወለድኩት በየዳ ነው። እዚያ ገብስና በግ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ደርግ በወደቀ ማግሥት ዳባት ወርጄ ችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ሆንኩ። ሥራዬ ከባሕር ዛፍ ችግኝ ላይ ፍየል ማባረር ነበር። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል።

አንድ ቀን ቀጠን ያለ ሰውዬ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፎ ከሚኒባስ ወረደና ወደ እኔ መጣ። ካርቶኑን መሬት አላስቀመጠም።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አልኩት።

"እንቁላል።"

"የዶሮ?"

"የትል።"

"ወንድሜ፣ ትል እዚህም ሞልቷል። ከየት ድረስ ተሸክመህ መጣህ?" አልኩት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ካርቶኑን ከፍቶ አሳየኝ። ጤፍ የሚያህል ነጭ ፍሬ ጨርቅ ላይ ተጣብቋል። "ከእንግዲህ ፍየል አትጠብቅም። የምትጠብቀው ይህን ነው፤ ከአለቃህ ጠይቄሃለሁ" አለኝ። ይህ ጋሽ ዳምጤ ነው። በደቡብ ባለ አንድ ጣቢያ ሐር ሲያረባ ኖሮ፣ በእኛ አገር ይለምድ እንደሆነ እንዲያይ የተላከ ባለሙያ ነበር። ዓለም ላይ የማመሰግነው ሰው ብዙ የለኝም፤ እሱን ግን አመሰግነዋለሁ።

ትሉ የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው። ጉሎ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ የሚበቅለው ከሊማሊሞ በታች ነው። ቢሮው ያለው ደባርቅ ስለሆነ ግን ትሉም ደባርቅ ይደግ ተባለ። ቅጠሉን ከታች በአይሱዙ ጭነን ጠመዝማዛውን እናወጣለን፤ ስናደርሰው ጠውልጓል። ትሉ በብርድ ደንዝዞ አይበላም። ከሰል እንዳናነድ ጭስ ይገድለዋል፤ ስለዚህ የፈላ ውሃ በጀሪካን እየሞላን በየመደርደሪያው ሥር እንደረድር ነበር። ይህን ስንሠራ ሁለት አለቃ ተቀያየረ። አንዱ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወስደን ለሕዝብ እናሳይ ብሎ ሰፌድ አሸክሞ ላከኝ። እህል ሊሸጥ የመጣው ሰው ሁሉ ከቦኝ፣ "ስንት ነው ኪሎው?"፣ "በምን ወጥ ነው የሚሠራ?" ሲል ዋለ። ሞላ ትሉ የተባልኩት ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ ሰው ልብ ገዛና ቤቱ ወደ ታች፣ ጉሎው ወዳለበት መንደር ተዛወረ። ጭቃ ቤት ነው፤ ግን ይሞቃል። ሥራ የተማርኩት እዚያ ነው።

ጋሽ ዳምጤ የማይናገር መምህር ነበር። ሳበላሽ አይገሥጸኝም፤ አጠገቤ ቆሞ እኔ የሠራሁትን አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ከስድብ ይብሳል። ወደ ትሎቹ ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል፤ እጁን በአመድ ይታጠባል፤ ሽንኩርት ከበላ ያን ቀን አይገባም። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት ከመጣች በሻሽ ካልተሸፈነች ከደጅ ያቆማታል። ቅጠሉን አንድ በአንድ ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። እጅ ይሸፍጣል ይላል፤ እርጥበትን የሚያውቀው ከንፈር ነው። ከንፈሩን ከቀዘቀዘው ቅጠሉ ውሃ አለበት፤ ይመልሰዋል። ውሃ ያለበት ቅጠል የበላ ትል ሆዱ ይሄድና ይሞታል። ጉንዳን እንዳይወጣ የመደርደሪያውን እግሮች ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አቁሞ ነበር።

ፊደል ያስተማረኝም በሰፌድ ነው። በየሰፌዱ ጠርዝ ላይ በከሰል አንዳንድ ፊደል ጽፎ፣ "ለ ላይ ቅጠል ጨምር"፣ "መ ጠቧቸዋል፣ ክፈላቸው" ይለኛል። የትኛው ለ እንደሆነ ካላወቅኩ ትሉ ይራባል። በዚህ ሁኔታ የማይማር ሰው የለም። ሐር የሚጻፈው በየትኛው ሀ እንደሆነ ዛሬም የሚሳሳቱ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ የተማርኩት መጀመሪያ እሱን ስለሆነ አልሳሳትም።

ትሉ ሲፈለፈል ጥቁር ነው፤ ክር ቁራጭ ይመስላል። በልቶ በልቶ ቆዳው ይጠበዋል። ያን ጊዜ መብላቱን ያቆማል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ድርቅ ይላል። ቆዳውን አውልቆ ሲነሣ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ነጣ ያለ፣ የተራበ። ይህ አራት ጊዜ ይሆናል። ከአራተኛው በኋላ አውራ ጣት አክሎ፣ ሲበላ ድምፁ በጎች የገብስ ቃርሚያ ሲግጡ እንደሚሰማው ነው። በመጨረሻ ይሞላል። የሞላ ትል ሲያዩት አይታወቅም። ጋሽ ዳምጤ አንዱን ያነሣና በሁለት ጣቱ መሐል ጆሮው ሥር ቀስ አድርጎ ያንከባልለዋል። የደረቀ የባቄላ ቆባ ድምፅ ከሰጠ፣ ሆዱን አራግፎ ሐሩን ብቻ ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ደረቅ ቅጠል መሐል ይደረጋል፤ ከሐሩ ክር ጎጆውን ራሱ ላይ ይሠራል።

ያንን ቆዳ የሚቀይርበትን ጊዜ ጋሽ ዳምጤ "ጾም" ይለው ነበር። "ለ ጾም ገብተዋል፤ እንዳትነካቸው" ይለኛል። አንገቱን ቀና አድርጎ ሲታይ ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል፤ ቃሉ ደስ ይል ነበር። ያጠፋን ያ ቃል ነው።

ከላይ ትእዛዝ መጣ። ትሉ ወደ ገበሬው ቤት ይውጣ፤ በዚህ ዙር ከገበሬ ቤት ጎጆ ካልተሰበሰበ የሐር ቤቱ ይዘጋል ተባለ። ቢዘጋ ጋሽ ዳምጤ ወደመጣበት ይመለሳል፤ እኔ የቀን ሠራተኛ ስለነበርኩ ወደ በጌ። ስለዚህ ሦስቱን ጾም እኛ ቤት አስጨርሰን፣ የመጨረሻውን ብቻ የመንደሩ ሴቶች እንዲያሳልፉት አከፋፈልን። ሁላቸውም እንዝርት የሚያሾሩ ናቸው፤ ይህ ዓይነት ሐር ደግሞ እንደ ጥጥ ይፈተላል።

ማከፋፈሉ ላይ ጋሽ ዳምጤ ሰበሰባቸው። ኅዳር ነው፤ የገና ጾም ገብቷል።

"ትሏ አንድ ጾም ቀርቷታል" አላቸው። "ልትጾም ስትል አንገቷን እንዲህ ታደርጋለች።" አንገቱን ቀና አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሴቶቹ ሳቁ። "በጾሟ ቅጠል አትስጧት፤ ሰፌዱንም አታነቃንቁባት። ጾሟን ስትፈታ ትበላለች።"

በላይነሽ የምትባል ነገረኛ ሴት ነበረች። "ጌታው፣ ድሮም የምትበላው ቅጠል ነው" አለች። "ሥጋ የላት፣ ቅቤ የላት፤ ምኗን ልትጾም ነው?"

"ቅጠሉንም ነው የምትተወው።"

"ምስኪን፤ ከእኛም የባሰባት ናት።"

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ዳምጤም ሳቀ። ገብቷቸዋል ብለን ተለያየን።

ወዲያው ለግምገማ ደባርቅ ተጠራን። በዚያ ዘመን ግምገማ ከተጠራህ ሞት ካልሆነ አይቀርም። ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ስንሰማ ሰነበትን። ስንመለስ መጀመሪያ የገባነው በላይነሽ ቤት ነው። ከደጅ ሳለን ሸተተን፤ የበሰበሰ ጎመን ሽታ። ሰፌዱ ላይ ቅጠል ተከምሯል፤ ከሥሩ ትሎቹ ጠቁረውና ለስልሰው ተለጥፈዋል። ቆዳቸውን ግማሽ አውልቀው የቀሩ ነበሩ።

"ምን ሆኑ?" አለች በላይነሽ። ያን ቀን ነገረኛ አልነበረችም። "ያላችሁኝን ነው ያደረግኩ። ጾም ሲገቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አላቀመስኳቸውም። ደወል ሲደወል ቅጠሉን አጥቤ፣ ከሌላው ቀን አብዝቼ አቀረብኩላቸው። የጾመ ሰው ሆዱ ባዶ ነው ብዬ።"

ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን። ያው ነው። ሁሉም ቤት ያው ነው። ደወሉን ጠብቀው፣ ቅጠሉን አጥበው፣ ለማይበላ ትል እራት አቅርበዋል። ቅጠሉ ተከምሮባቸው፣ እርጥበቱ ገብቶባቸው አልቀዋል። አንዱ ባል ከደጁ ቆሞ፣ "ጌታው፣ እኛ ጾም ከናቶቻችን ማኅፀን ጀምሮ እናውቃለን። ትሎቻችሁ ናቸው ያልቻሉት" አለን። ይህንን ነው በኋላ ሪፖርት ላይ "በአርሶ አደሩ የግንዛቤ ማነስ" ብለው የጻፉት። ማንበብ በመማሬ የተጸጸትኩት ያንን ያነበብኩ ቀን ብቻ ነው። ሰዎቹ ያላልናቸውን አንድም ነገር አላደረጉም። በዚያ አገር ጾም ማለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኛም እዚያው አገር ቆመን ነው ጾም ያልነው።

እኛ ቤት የቀሩትም፣ ጋሽ ዳምጤ የታመሙትን አሳዝነውት ሰብስቦ ካስገባ በኋላ ተያይዘው ሄዱ። ዘር የሚሆን አንድ ጎጆ አልቀረም። ጋሽ ዳምጤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አመድ እጁ ላይ ሲያፈስ ዋለ። መታጠቡን አላቆመም።

ሊመሽ ሲል ስንዱ የምትባል ወጣት ሴት መጣች። የእሷም ሰፌድ እንደሌላው አልቆ ነበር። "ጋሼ፣ ካገኘሁት ላይ ቆንጥሬ ለእናቴ ሰጥቻት ነበር። ተቆጥታችሁ እንዳይሆን ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ" አለች። እናቷ እማሆይ ትርንጎ ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት የመነኮሱ፣ ከመንደሩ ጫፍ ለብቻቸው የሚኖሩ። አርጅተዋል ተብለው ማከፋፈሉ ላይ አልተጠሩም።

ሄድን። እማሆይ በሩ ላይ መቋሚያቸውን አጋድመው ተቀምጠዋል።

"እንዴት ዋሉ እማሆይ?" አለ ጋሽ ዳምጤ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።"

"ምነው?"

"ትናንት ዶሮ ሲጮህ ነው የተነሡት፤ ገና እየበሉ ነው።"

ገባን። ሰፌዱ ላይ ትሎቹ ነጭ ሆነው፣ ውሃ ያልነካው ቅጠል ከጠርዙ ይዘው ይገምጣሉ። ከእነሱ አጠገብ ያወለቁት ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልባስ ተጠቅልሏል። አንገታቸውን እንዳቀኑ ሳይነሡ የቀሩ፣ በረሃብ የከሱም ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ግን ደኅና ነው። ጋሽ ዳምጤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ።

"እማሆይ፣ ጾም ሲገቡ ምን አደረጉላቸው?"

"ምን አደርግላቸዋለሁ? ምንም።"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት?"

እማሆይ ዞር ብለው አዩት። "ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትማ ሕፃንም ይጾማል። እነዚህ አንገታቸውን አቅንተው፣ አልነቃነቅ ብለው፣ ይህ የዘጠኝ ሰዓት ጾም ነው? አክፍለው ነው እንጂ። ዓርብ ማታ ገቡ፤ እኔም በሩን ዘጋሁባቸው። እሑድ ዶሮ ሲጮህ ተነሡ፤ ቅጠል ሰጠኋቸው። የዘገየሁባቸውም አልጠፉ፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።"

አክፍሎት ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ዶሮ ጩኸት እህል ውሃ የማይቀመስበት ጾም ነው። እማሆይ በየዓመቱ ያከፍላሉ። ከመንደሩ ሁሉ እሳቸው ብቻ ጾም ሲባል ያ ነው የመጣላቸው፤ ያውም ከልጃቸው አፍ ሁለተኛ ሰምተው። ትምህርት አልነበረም፤ ዕድል ነው። ጋሽ ዳምጤ ደፉ ላይ ተቀመጠና መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ሳቁ ሌላ ነገር ሲሆንበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማሆይ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

"ሥልጠናውማ ለጎበዞቹ ነው ተብዬ ቀርቼ ነበር" አሉ ለእኔ።

"እውነትዎን ነው።"

"እንግዲህ አሁን ጎበዞቹ የት አሉ?"

የሐር ቤቱ ዳግም የቆመው ከዚያ ሰፌድ ነው። ጎጆውን ሠሩ፤ በልተው ከጨረሱ በኋላ እኔ ራሴ ጆሮዬ ሥር አንከባልዬ ነው የለየኋቸው። ጋሽ ዳምጤ ለእማሆይ "ዘሩ ለእኛ፣ ጎጆው ለእርስዎ" አላቸው። ይህ ትል ጎጆውን በስቶ የሚወጣ ስለሆነ ለሐሩ ሲባል መቀቀል የለበትም፤ እማሆይ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። እማሆይ ጥቂት ሳምንት ሲጠብቁ ቆዩ፤ ቢራቢሮዎቹ ወጡ፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ የማይበሩ።

"አሁንስ ምን ይበላሉ?" አሉ እማሆይ። "መቼ ነው የሚፈስኩት?"

"አይፈስኩም" አለ ጋሽ ዳምጤ። "አፍ የላቸውም። እንቁላል ጥለው ያልፋሉ።"

እማሆይ አንዷን በመዳፋቸው አነሡ። ሰዉ ይህቺን ቢራቢሮ የእሳት እራት ይላታል። ራሷ እራት የማትበላውን። እማሆይም፣ "መነኮሳትስ እነዚህ ናቸው፤ እኛ ስሙን ይዘን ነው" አሉ። በኋላ ባዶውን ጎጆ በአመድ ውሃ ቀቅለው ፈተሉትና ለእኔና ለጋሽ ዳምጤ ማተብ ገመዱልን። የእኔ ቀለሙ ለቋል፤ አልተበጠሰም። ከሥራዬ ዘመን አንገቴ ላይ የቀረ ሐር እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ በመንደሩ "ጾም" የሚል ቀረ። "አክፍለዋል" ሲባል በላይነሽም ሰፌዷን አትነካም። ከዚያ ዙር በኋላ የጠፋብን በአይጥና በእንሽላሊት እንጂ በቅጠል አልነበረም። ጋሽ ዳምጤ ቃሉን የሥልጠና ወረቀት ላይ ጻፈው። የዞኑ ሰው ሲያየው፣ "በመንግሥት ሰነድ ላይ የሃይማኖት ቃል አይገባም፤ ነገ ሙስሊሙ ገበሬ ጋ ስትሄዱ ምን ልትሉት ነው?" ብሎ ሰረዘው። እውነቱን ነው፤ አልተከራከርንም። ቃሉ ከወረቀቱ ወጣ፤ ከሰው አፍ ግን አልወጣም።

የቀረው ዘመን አጭር ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ቢሆንም። ጋሽ ዳምጤ ተዛወረ፤ ሲሄድ ካርቶን አልያዘም። ቋሚ አደረጉኝ። ርዳታ የሚሰጥ ድርጅት መጣ፤ ለጎብኚ የሚሆን ቀለም ቀባን፤ ድርጅቱ ሄደ፤ ቀለሙ ተላጠ። አለቆች መጡ፤ አንዱ ንብ ይሻላል አለ፤ ሌላው ዶሮ። ሴቶቹ የፈተሉትን የሚገዛ ጠፋ፤ አንድ በአንድ ተዉት። እማሆይ ትርንጎ አረፉ። እኔ ለማንም የማይሆን ዘር ከዙር ወደ ዙር እያሳለፍኩ ቆየሁ። አንድ ዙር ቢቋረጥ ያ ሰፌድ ያበቃል፤ እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይቆይም። ስደክም የሚያሳድረኝ ይኸው ብቻ ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ አዲሱ ኃላፊ መጣና፣ "ማዳበሪያ ሊገባ ነው፤ ቤቱን ባዶ አድርገው ያስረክቡ" አለኝ።

"ትሎቹንስ?"

"የምን ትሎች?"

የተናገረው ለማሾፍ አልነበረም። ስለማያውቅ ነው። እሱ ይብሳል።

እንቁላሉን በጨርቅ ጠቅልዬ ስንዱ ቤት ወሰድኩት። ስንዱ ትል ካቆመች ቆይታለች፤ የእናቷ ሰፌድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል።

"ጋሼ፣ ቅጠልስ አለ፤ ጊዜ ነው የሌለኝ" አለች። "ልጆች አሉ፣ ሱቁ አለ። ለምንድን ነው የምይዘው?"

"እንግዲህ ካልሆነልሽ ጣዪው" አልኳትና ጨርቁን ትቼላት ሄድኩ። ትጥለዋለች ብዬ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ወደ ታች አልወረድኩም፤ ማየት አልፈለግኩም።

የሸኙኝ ቀን ግን ብርድ ልብሱን በብብቴ ይዤ ቤቴ መግባት አቃተኝ። ሚኒባስ ይዤ ሊማሊሞን ወረድኩ። ብሶቴን የማራግፍበት ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ስንዱ በር ላይ ደርሼ ጀመርኩ።

"ስንዱ፣ ነብር ሰጡኝ። ይኸው። ስንት ዘመን ሙሉ ሐር ሳረባ ኖሬ፣ የፋብሪካ ነብር—"

ስንዱ ከጓዳ ብቅ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች።

"ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ" አለች። "ዛሬ ጠዋት አክፍለዋል።"

ጫማዬን አወለቅኩ። አመድ የት እንዳለ አልጠየቅኋትም፤ ደጁ ላይ በቆርቆሮ ተቀምጦ ነበር። ታጥቤ ገባሁ። የእማሆይ ሰፌድ ላይ፣ በጠርዙ ጋሽ ዳምጤ በኋላ የጻፈው የከሰል ፊደል ደብዝዞ በሚታይበት፣ ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው ቆመዋል። አንድም የሚነቃነቅ የለም።

ብርድ ልብሱን ከነፕላስቲኩ አጥፌ ተቀመጥኩበት።

"እስኪነሡ ልቀመጥ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ይቀመጡ" አለች ስንዱ። "እርስዎ ግን ምሳ ይበላሉ። ከእነሱ ጋር ማክፈል የለም።"